ትንበያ ትንቢት አይደለም

ትንበያ፣ ትንቢት፣ ነቢይ። ሦስቱም ቃላት ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ዝምድናቸው ለቋንቋችን ጌጥ ቢሆንም ለሚቲዎሮሎጂ ጣጣ አምጥቶበታል። ነቢይ ከተናገረው አንዱ መሬት ጠብ ካለ ነቢይነቱ ያበቃል፤ እኛም የአየር ትንበያን የምንዳኘው በዚሁ ሕግ ነው። ማታ ከዜና በኋላ «ነገ በአብዛኛው ሰሜን ሸዋ ዝናብ ይኖራል» ይባላል፤ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጠርቶ ይውላል፤ «እነዚህ ሰዎች ምኑን አውቀውት ነው!» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ እውነተኛ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ እንኳ የሚሰማው ጆሮ ያጣል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ዳኝነቱ ራሱ ስቷል የሚል ነው። ሚቲዎሮሎጂ ነገን የሚያይበት ዓይን የለውም። በእጁ ያለው የልኬት መዝገብ፣ የተፈጥሮ ሕግና ስሌት ነው። ከእነዚህ የሚያወጣው ደግሞ ዕድልን ነው፤ አንድ ነገር ከአሥር ስንት ጊዜ ሊሆን እንደሚችል። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው ካልያዘው ሰው የተሻለ ይወስናል፤ አንዳንዴም ነፍሱን ያተርፍበታል።

ክርክሩ ከሳይንሱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሮበርት ፊትዝሮይ ቻርለስ ዳርዊንን በቢግል መርከብ ይዞ ዓለምን የዞረ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 የብሪታኒያን የሚቲዎሮሎጂ ክፍል እንዲመራ ተሾመ። በ1859 «ሮያል ቻርተር» የተባለች መርከብ በዌልስ ዳርቻ በማዕበል ተሰባብራ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ፊትዝሮይ ከዚህ በኋላ ከየወደቡ የአየር ግፊትና የነፋስ ልኬት በቴሌግራፍ እየሰበሰበ፣ ማዕበል ሲቃረብ በየወደቡ ምልክት እንዲሰቀል አደረገ። በ1861 ደግሞ ዕለታዊ ትንበያ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ለሥራው ስም ሲያወጣ ትንቢትን የሚያስታውስ ቃል ሁሉ አጥብቆ ሸሸ፤ የሚያወጣው ነገር ከልኬትና ከስሌት የተገኘ አስተያየት መሆኑን ሕዝቡ እንዲረዳለት ፈልጎ ነበር። ሕዝቡ ግን በነቢይ ሚዛን መዘነው። በሳተ ቁጥር ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ ስመ ጥር ሳይንቲስቶችም ተቹት። በ1865 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ፤ በቀጣዩ ዓመት ዕለታዊ ትንበያውም የማዕበል ማስጠንቀቂያውም እንዲቆም ተደረገ። ልብ የሚነካው የኋለኛው ታሪክ ነው። «ማስጠንቀቂያውን መልሱልን» ብለው አቤት ያሉት ኑሯቸው በባሕር ላይ የሆነ ሰዎች ነበሩ። ምልክቱ ተሰቅሎ ማዕበሉ ሲቀር ደጋግመው ያዩት እነሱው ናቸው። አንድ ቀን በከንቱ ወደብ ላይ መዋል ምን እንደሚያስከፍል፣ ማዕበል መካከል መገኘት ደግሞ ምን እንደሚያስከፍል ግን ለይተው ያውቁ ነበር። ማስጠንቀቂያው በ1867 ተመለሰ።

ለመሆኑ የሚለካው ምንድን ነው? አየር ባዶ ይመስላል እንጂ ክብደት አለው። በባሕር ጠለል ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት አሥር ቶን ያህል አየር ተሸክሟል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከዚህ ሸክም የሚደርሳት ሦስት አራተኛው ገደማ ነው፤ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላውም ቆላ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ እሳት ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። የአየር ክብደት ከቦታ ቦታ ሲለያይ ከከበደበት ወደ ቀለለበት ይፈስሳል፤ ነፋስ የምንለው ይህንኑ ፍሰት ነው። አየር ሽቅብ ሲወጣ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘው እንፋሎት ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጥና ደመና ይሆናል። ከፍታው አንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። አባቶቻችን ይህንኑ ያለ ቴርሞሜትር ተረድተው አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለውታል፤ አከፋፈላቸው ዛሬም በግብርና ባለሙያዎች እጅ ይሠራል። ክረምትም የሚመጣው በዚሁ ሕግ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሻገር የምድር ወገብ የዝናብ ቀበቶ ይከተላታል። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኮንጎ ደኖች፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር እርጥበት የጫነው ነፋስ ከተራሮቻችን ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይገፋል፤ እዚያም ይቀዘቅዝና ሸክሙን ያራግፋል። ጎጃም በሐምሌ ጭቃ ሲሆን ከተራራው ማዶ ያለው የአፋር ቆላ አቧራ የሚለብሰው አየሩ ቁልቁል ሲወርድ ስለሚሞቅና ስለሚደርቅ ነው።

ይህ ሁሉ በየጠዋቱ አንድ ሰው አጥር ውስጥ ገብቶ ካልለካ የወረቀት ላይ እውቀት ሆኖ ይቀራል። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ሲያዩት ተራ ነገር ነው፤ በሽቦ የታጠረ ሣር፣ በአራት እግር የቆመ ነጭ ሳጥን፣ እሱ ውስጥ ቴርሞሜትሮች፣ ራቅ ብሎ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ የዝናብ መለኪያ። ሳጥኑ ነጭ የተቀባው ፀሐይ እንዳያግለው ነው፤ ጎኑ በተጋደሙ ጣውላዎች የተሠራው ደግሞ ነፋስ እየገባበት የውጩን አየር ትክክለኛ ሙቀት እንዲይዝ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ታዛቢው ይመጣል። በመለኪያው የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ጠባብ ብርጭቆ ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውሃው ወለል ጋር ያስተካክላል፤ ያነበበውን ወዲያው መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። 12 ሚሊ ሜትር ብሎ ከጻፈ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 12 ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። በአንድ ሄክታር ማሳ ሲሰላ 120 ሺህ ሊትር ይሆናል። በአገራችን ይህ ሥራ በመንግሥት ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ ያለ ነፋስ፣ ያለ ሙቀትና ያለ ግፊት ልኬት አውሮፕላን ማስነሳትም ማሳረፍም ስለማይቻል። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። ገበሬ በሚበዛበት አገር ሚቲዎሮሎጂ የተጀመረው ለአውሮፕላን መሆኑ ዛሬም ድረስ ጥላውን ያጠላ ይመስለኛል፤ አብራሪው የአየር መረጃ ሳይዝ አይነሳም፣ አራሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ መረጃ ሳይደርሰው ይዘራል።

ከልኬት ወደ ትንበያ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የስድስት ሰዓት ለውጥን በእጅ አስልቶ ያገኘውን ውጤት አሳተመ፤ ስሌቱ ሳምንታት ፈጅቶ ውጤቱ ከእውነታው እጅግ የራቀ ሆነ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ በ1950 ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር በዚያው መንገድ የሠራው ትንበያ ተስፋ ሰጪ ሆነ። ዛሬ ሳተላይቶች፣ ፊኛዎች፣ አውሮፕላኖችና መርከቦች የሚልኩት ልኬት በየጥቂት ሰዓቱ ወደ ግዙፍ ኮምፒዩተሮች ይገባል። በዚህም ጠቃሚ ትንበያ የሚደርስበት ርቀት በየአሥር ዓመቱ በአንድ ቀን ያህል ሲራዘም ቆይቷል፤ የዛሬ የአምስት ቀን ትንበያ ከሃያ ዓመት በፊት የሦስት ቀኑ ያህል ይታመናል። ገደብም አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሎሬንዝ ኮምፒዩተሩ የሠራውን ስሌት ለመድገም ፈልጎ 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ አሳጥሮ አስገባ። ሁለቱ ውጤቶች መጀመሪያ ላይ አብረው ሄዱ፤ ቆይተው ተለያዩ፤ በመጨረሻም አንዱ ሌላውን የማይመስል አየር ሆኑ። ከሺህ አንድ የማይሞላ ልዩነት ሁሉን ቀየረው። የአየር ሁኔታን በዕለት ከሁለት ሳምንት ወዲያ አርቆ ማየት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የዛሬውን አየር ሁሉ ያለ አንዳች ስህተት መለካት አይቻልምና። ባለሙያዎቹ መፍትሔ ያደረጉት አንዱን ስሌት በጥቂት በጥቂቱ እያለዋወጡ አምሳ ጊዜ ያህል መሥራትን ነው። ከአምሳው በአሥራ አምስቱ ዝናብ ከታየ ዕድሉ 30 በመቶ ነው ይላሉ። ያ ቁጥር የባለሙያው እርግጠኝነት እስከ የት እንደሆነ በሐቀኝነት የሚነግረን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ዘነበም አልዘነበም ትክክል ነኝ ለማለት የተዘየደ አይደለም ወይ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ትንበያ ይፈተናል የሚል ነው፤ ፈተናው ግን በአንድ ቀን አይሆንም። 30 በመቶ የተባሉት ቀናት ሁሉ ተሰብስበው ሲቆጠሩ ከአሥሩ በሦስቱ ገደማ መዝነብ አለበት፤ በስምንቱ ከዘነበ ትንበያው ተሳስቷል፣ በአንዱም ባይዘንብ ተሳስቷል። የአገራችን አቀማመጥ ሥራውን ከባድ ማድረጉም መታወቅ አለበት። የክረምት ነጎድጓድ ደመና ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሰፋ ይችላል፤ አንዱን ሸለቆ አጥለቅልቆ የማዶውን ተራራ ሳይነካ ያልፋል። «በሰሜን ሸዋ» የተባለው ዝናብ መንዝ ላይ ወርዶ ደብረ ብርሃንን ቢዘላት ትንበያው ውሸት አልሆነም። የቁጥሩ ጥቅም ምን ላይ እንደሆነ አንድ አውድማ ያሳየናል። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ በማግስቱ ሊወቃ በሬዎቹም ሰዎቹም ተጠርተዋል። ትንበያው ያለወቅቱ ዝናብ የመምጣቱ ዕድል ከአሥር ሦስት ነው ይላል። ለምሳሌ ያህል ክምሩን በላስቲክ መሸፈንና ውቂያውን ማዘግየት ሁለት ሺህ ብር ያስወጣል፣ ነዶው ከረጠበ ደግሞ አሥር ሺህ ብር ይጠፋል እንበል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አሥር ጊዜ ቢመጣና ገበሬው አሥሩንም ጊዜ ቢሸፍን ወጪው ሃያ ሺህ ነው፤ ሳይሸፍን ቢተወው በሦስቱ ጊዜ ሠላሳ ሺህ ይከስራል። ሰባት ጊዜ «በከንቱ» ሸፍኖ እንኳ አሥር ሺህ ብር አትርፏል። ዕድሉ ከአሥር አንድ ቢሆን ኖሮ መተው ይሻለው ነበር። ነጋዴ ዕቃ ሲያስጭን፣ ሐኪምም መድኃኒት ሲያዝ የሚያስበው በዚሁ መንገድ ነው። በትንበያ ላይ ሲሆን ብቻ ቁርጡን ካልነገርከኝ የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

የቃላታችን ሌላ በጎነት እዚህ ጋ ይመጣል። «የአየር ሁኔታ» የዕለቱ ነው፤ «የአየር ንብረት» ደግሞ «ነበረ» ከሚለው ሥር የመጣ፣ የነባሩን ጠባይ የሚናገር ነው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ይህን ጠባይ የሚያሰላው በ30 ዓመት አማካይ ነው። በሁለቱ መካከል የወቅት ትንበያ አለ፤ ለእኛ ከሁሉ የከበደውም እሱ ነው። ታሪኩ ደግሞ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካል። ከክረምታችን የረጅም ዘመን መዝገብ አንዱና ትልቁ የተጻፈው ካይሮ ውስጥ ነው፤ ግብጻውያን የአባይን ሙላት ከሰባተኛው መቶ ዘመን ጀምረው እየለኩ መዝግበዋል፣ በሮዳ ደሴት ያለው መለኪያ ዓምድ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ ነው። ሙላቱን በዋነኛነት የሚያመጣው የደጋችን ክረምት ነው። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሕንድን ሚቲዎሮሎጂ ይመራ የነበረው ጊልበርት ዎከር የሕንድ ዝናብ ለምን እንደሚቀር ሲመረምር ከዓለም ዙሪያ ከሰበሰባቸው ቁጥሮች መካከል ይህ የአባይ ሙላት ይገኝበታል። ያገኘው ነገር በፓስፊክና በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የአየር ግፊት እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው። የፓስፊክ ምሥራቃዊና መካከለኛ ውሃ ያለልክ ሲሞቅ፣ የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ኤልኒኞ ያሉት ክስተት ይመጣል፤ ያኔ ሚዛኑ ያጋድልና በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምቱ የመሳሳት ዕድሉ ይጨምራል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የመኸሩ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ይበረታል። ተቃራኒው ላኒና ሲሆን ቦረና ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ «ገና» እና «ሐገያ» የሚሏቸው ዝናቦች አምስት ወቅት በተከታታይ የከሸፉት ላኒና በተደጋገመባቸው ዓመታት ነው።

የወቅት ትንበያ የሚነገረው በሦስት ክፍል ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም መረጃ ባይኖር እያንዳንዱ ከመቶ 33 ያህል ድርሻ ይኖረው ነበር። ትንበያው 25፣ 35 እና 40 ሲል «ድርቅ ይመጣል» አላለም፤ ሚዛኑ ወደ ደረቁ ወገን ዘንበል ብሏል ነው ያለው። በሬዲዮ ሲነገር ግን ቁጥሮቹ ተትተው «መደበኛና ከመደበኛ በታች» የሚል ሐረግ ብቻ ይቀራል፤ ይህ ለአድማጭ የሚገባውን ግማሹን መንፈግ ነው ባይ ነኝ። ገበሬው በዕድል መወሰንን ከማንም በላይ ያውቅበታልና። በማሽላ አገር በሚያዝያ ዝናብ ከጣለ ቶሎ የማይደርሰውን ማሽላ ይዘራል፤ ከዘገየ ይተወውና በሐምሌ ጤፍ ያደርገዋል፤ ያም ካልሆነ ክረምቱ ሲወጣ በመረሬው መሬት በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ይህ በዘመናት የተፈተነ የውሳኔ መሰላል ነው። የወቅት ትንበያ የሚጨምርለት አንድ ነገር ቢኖር ጊዜ ነው፤ ዝናቡ መዘግየቱን በዓይኑ ከማየቱ በፊት ዘሩን እንዲመርጥ፣ ከብቱንም ሥጋው ሳያልቅ ገበያ እንዲያወጣ።

«ታዲያ ገበሬው የራሱ ምልክት ካለው ሌላ ምን ያስፈልገዋል?» የሚሉ አሉ። የነፋሱን አቅጣጫ፣ የወፎችን መምጣት፣ የዛፍ ማቆጥቆጥን የሚያስተውል፣ ከብት ታርዶ ሞራ የሚያነብ፣ ከዋክብትን ቆጥሮ ወቅት የሚለይ ሕዝብ ነን። ይህ እውቀት ሊናቅ አይገባም፤ ብዙው የምልከታ ውጤት ነውና። በነሐሴ ከወዴት የሚነፍስ ነፋስ ዝናብ እንደሚያመጣ የሚያውቅ አዛውንት፣ የባለሙያው ካርታ የሚያሳየውን አየር ነው ከታች ሆኖ የሚያነበው። ይሁን እንጂ ሁለት ወሰን አለው። ምልክቱ ከተራራው ወዲያ ማዶ ያለውን ውቅያኖስ አያሳይም። ደግሞም ምልክት የሚሠራው የትናንቱ ልማድ ነገም ከቀጠለ ነው፤ ሙቀቱ እየጨመረ ልማዱ ሲናጋ ምልክቱም አብሮ ይናጋል። ሁለቱን እውቀት አንድ ላይ አስቀምጦ የሚመክር የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከያዘው የተሻለ ይሠራል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ረሃብን ያመጣው ዝናብ ማጣት ሳይሆን አስተዳደር ነው፤ ስለዚህ የአየር መረጃ ምን ይፈይዳል የሚል ነው። መሠረት አለው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት በወሎው ረሃብ ዘመን፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ ከወሎም እህል ወደ ሌላ ቦታ ይጫን እንደነበር አሳይቷል። ሰው ያለቀው የሚገዛበት አቅም ስላጣና መንግሥት ጉዳዩን ስለሸሸገ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብም ድርቁን ጦርነቱና ፖሊሲው ወደ እልቂት ቀየሩት። እዚህ ላይ አልከራከርም፤ ሰማይ ድርቅን እንጂ ረሃብን ብቻውን አያመጣም። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ መረጃ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። መረጃ በአደባባይ ሲነገር፣ በቁጥር ሲደገፍና በሰዓቱ ሲወጣ መሸሸግ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ኤልኒኞ በአሥርት ዓመታት ከታዩት ድርቆች እጅግ ከከፉት አንዱን አመጣ፤ በዓመቱ መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ይፋ ሆነ። ብዙ ቤተሰብ ከብቱን አጣ፣ ብዙ ሕፃን ተጎዳ፤ የ77ቱን የመሰለ እልቂት ግን አልተደገመም። ምስጋናው ለትንበያ ብቻ አይሰጥም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ መንገዱና በብዙው አካባቢ የነበረው ሰላም ድርሻ አላቸው። እነዚህን ሁሉ በጊዜ ለማንቀሳቀስ ግን የውቅያኖሱን ሙቀት የሚለካ ሰው መኖር ነበረበት።

ነገሩ በእህል ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ያለወትሮው ዝናብ በዛ፣ ሙቀቱም ጨመረ፤ ወባ ወደማታውቃቸው ከፍታዎች ወጣች። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህሉም እንደሞተ ይገመታል። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመድረስ ሙቀት ይፈልጋል፤ በደጋ ጥቂት ዲግሪ መጨመሩ በሽታውን በሚከላከለው ብርድና በወረርሽኝ መካከል ያለውን አጥር ያፈርሳል። ለጤና ቢሮ የዝናብና የሙቀት መዝገብ የመድኃኒት ማከማቻ ያህል አስፈላጊ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ሌላው ምስክር ድሬዳዋ ነው። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ጠራርጎ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ብዙው ዝናብ የወረደው ከከተማው በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ላይ ነበር፤ አሸዋማው ወንዝ አጠገብ የተኛ ሰው አደጋውን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እላይ የዘነበው ተለክቶ፣ ውሃው እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ታች ላለው ሰው ስልክ ቢደወል ኖሮ ስንት ነፍስ ይተርፍ እንደነበር ማሰብ ያማል። ሊሆን እንደሚችል ግን ሕንድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የኦዲሻ ግዛትን የመታው አውሎ ነፋስ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጀ። በ2013 ፋይሊን የተባለ ብርቱ አውሎ ነፋስ በዚያው ዳርቻ ሲመጣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ቀድሞ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ነበር፤ የሞቱት ከ50 አልበለጡም። ማዕበሉን ማንም አላቆመውም። ልዩነቱን ያመጣው ቀድሞ መነሳቱ ነው።

በመጨረሻ የሚነሳው ጥያቄ ስለ ዓለም ሙቀት ነው፤ «የመጪውን ወር በዕለት መናገር ያልቻላችሁ የአምሳ ዓመቱን እንዴት ታውቃላችሁ?» ይባላል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። የመጪው ዓመት ሐምሌ 12 በባሕር ዳር ይዝነብ አይዝነብ ማንም አያውቅም፤ ሐምሌ ከጥር ይልቅ ዝናባም እንደሚሆን ግን ሕፃንም ያውቃል። የመጀመሪያው ከሎሬንዝ ችግር ጋር ይጋፈጣል፤ ሁለተኛው ወደ ምድር የሚገባውንና የሚወጣውን ሙቀት የመቁጠር ጉዳይ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል። ይህ ጋዝ ሙቀት እንደሚያፍን ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በላቦራቶሪ ታይቷል። ምድርም ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቃለች። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሲዘንብ የበረታ ይሆናል፣ ሳይዘንብ ሲቀር ደግሞ መሬቱ ቶሎ ይደርቃል። ለጎርፍ መውረጃ ቱቦ የሚያስቀብር መሐንዲስ፣ ግድብ የሚያስተዳድር ባለሙያ፣ ቡና የሚተክል ገበሬ የድሮውን አማካይ ብቻ ይዞ መሥራት አይችልም። ያለ ኃጢአታችን የመጣብን ነው ብንል እንኳ መለካቱና መዘጋጀቱ የእኛ ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት የቆመው በዚያ በታጠረው ሣር ላይ ነው። በአፍሪካ የመለኪያ ጣቢያዎች ከሚያስፈልገው በእጅጉ ያነሱ ናቸው፤ በየቦታው ጦርነት ሲነሳ ቀድሞ ከሚቋረጠው ሥራ አንዱ ይህ ነው፤ የተቋረጠውን ወር ደግሞ ተመልሶ የሚለካው የለም። ስለዚህ በአካባቢያችሁ የዝናብ መለኪያ ካለ አጥሩን ጠብቁለት። ቤትም ሆነ ዛፍ ከቁመቱ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ካልራቀ መለኪያው ያነሰ ዝናብ ይይዛል፤ ያ የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ስለ እናንተው ማሳ የሚነገረውን ትንበያ ያበላሻል። የክረምቱ ትንበያ በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ አካባቢ ሲነገር ሦስቱን ቁጥሮች ጠይቁ፤ ካልተነገሯችሁም የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።